እስከ ቀጣዩ ኩርባ

አሥራ አንድ ሰዓት። የኮምቦልቻ ነፋስ ብቅል ብቅል ይላል፤
ፋብሪካው ሲያፈላ ከተማው በሙሉ አብሮት ይበስላል።
ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። ቀኑን ሙሉ
ባዶ አንገቶች በፊቴ ተሰልፈው ሲያልፉ
"ምነው፣ ተጣላን እንዴ?" የሚሉኝ ይመስለኛል።
አልተጣላንም። ሐኪም ነው የለየን።

በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ወዳጆቼን ጽፎ ሰረዛቸው።
"ጣፋጩን ውሰድና መራራውን ተውልኝ" ብዬ ብከራከር፣
"አንዱ ሲወጣ" አለኝ፣ "ሌላው ደጅህ ላይ ነው የሚያድር።"

እውነቱን ነበር። መጠጥ በተውኩ በሳምንቱ
ምላሴ ጉንዳን ሆኖ ስኳር ፍለጋ ወጣ ከቤቱ።
ስኳሩንም ስነሣው ሕልሜ ውስጥ ገብቶ ድግስ ደገሰ፤
ሙሸበኩ ሲያንጠባጥብ፣ ቢራው አረፋ ሲደፍቅ፣ እንቅልፌ ፈረሰ።

የወር ኮታዬን ለአሊጋዝ ሰጠሁት፤
ጥጃ እንደተሰጠው ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ ሲያመሰግነኝ አየሁት።
ልቤ ግን ጥጃዋ እንደተወሰደባት ላም
ሳጥኑን ተከትሎ እስከ ቦርከና ድልድይ "እምቧ" አለ።
ማንም አልሰማውም።

ጎረቤቴ እንድሪስ ጾም እንጂ መጠጥ አያውቅም፤
"ዳግመኛ አልቀምስም" ብዬ ስምል ሰምቶ አልተደነቀም።
"መሐላህ ረዝሟል" አለኝ፣ "እንደ ሽርጥ እጠፈው፣ አለዚያ ያደናቅፍሃል፤
'ለዘላለም' አትበል፣ 'እስከ መግሪብ' በል፤ መግሪብ ይደርስልሃል።"

ደግ ምክር ነው። ግን የእሱ ረሃብ በሚያበቃበት ሰዓት የእኔው ይጀምራል፤
አዛኑ ሲሰማ የቡና ቤቱ መብራት ቀይ ሆኖ ይበራል።
ስለዚህ ሌላ ሚዛን ፈለግሁ።
ሐረጎን አገኘሁ።

ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮት ዳር፣ ሽቅብ።
በመጀመሪያው ኩርባ አፌ ምራቅ ይሞላል፤
በሁለተኛው "አንዲት ብቻ" የሚል ጠበቃ ከሆዴ ይነሣል፤
ሕግ ያውቃል፣ ስሜን ያውቃል፣ የደመወዜን ቀን ሳይቀር ያስታውሳል።
አልመልስለትም። ኪሴ ውስጥ ሽምብራ ቆሎ አለ፤
አንዷን አነሣለሁ፣ እቆረጥማለሁ፣ እስከ ቀጣዩ ኩርባ።
ሌላዋን፣ እስከ ቀጣዩ ኩርባ።
ጉም ይመጣል። አይሱዙ ከላይ ጥሩምባውን እየነፋ ይወርዳል፣
ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ሰው ሁሉ አምላኩን ይጠራል፤
ለዚያች ቅጽበት ጠበቃው እንኳ ዝም ይላል።
አንድ ቀን እንዲሁ እንባዬ መጣ።
አጠገቤ ያለችው ተማሪ መስኮቱን ዘጋችልኝ፤
ብርድ መስሏት።

ደሴ ስንገባ፣ ጦሳ ጨለማውን ሲለብስ፣
አምሮቴ መኪና አባርሮ እንደደከመው ውሻ ኋላ ቀርቷል፤
ሞቷል አልልም። ነገ ይጠብቀኛል፣ ታርጋውን ለይቷል።

ጦይባ ሻይ ቤት እገባለሁ። "እንደ ድሮው አራት?"
ማንኪያዋ አየር ላይ ቆማ ትጠይቀኛለች።
"ባዶውን።"
ሰው የሞተብኝ ይመስል አንገቷን ትደፋለች።
ለካስ ሻይ ቅጠል ኖሯል! በአርባ ሁለት ዓመቴ
ገና ዛሬ ተዋወቅነው፣ እኔና አንጀቴ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ባለፈው ማክሰኞ ጎማ ፈነዳ።
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቆምን። ቆጠራዬም ቆመ።
ቁልቁል የሚሄድ መኪና አገኘሁ።
የቀረውን አልናገርም።

በማግስቱ እንድሪስ ፊቴን አየ፣ ሽርጡን አጠበቀ፣
ብዙ አልተናገረም፣ ብዙም አልጠየቀ፤
"አንድ ቀን ያጎደለ" አለ፣ "ቀዷ ያወጣል እንጂ
ረመዳንን አይሽርም።"

አሥራ አንድ ሰዓት። ነፋሱ ያው ብቅል ብቅል ይላል።
እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና እታጠባለሁ፣
ቆሎዬን እዳስሳለሁ።
መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ ይጮኻል፦
"ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የጎደለ!"

እኔ ነኝ።