አንዲት ፊደል

ቀኑ ተሳስቶበት ደንበኛ የመለሰው
የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣ አራት መቶ ነው።
ጀርባው ግን ንጹሕ ነው፤ ሒሳብ ይችላል።
ፒያሳ፣ ምድር ቤት፤ ማተሚያው ዝም ብሏል፤
አምፑሉ ብልጭ ድርግም ይላል።
ከላይ የሰው ኮቴ፣ የወያላ ጥሪ፣
ከታች እኔና እርሳስ፣ የራሴ ቆጣሪ።

በአንድ ጎን ቤታችን፤
ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ።
ስንቅነሽ ስሟን ያየች ከጋዜጣው ተርታ
ጣቷን ጭና ዋለች፣ ይጠፋብኛል ብላ፣
የጋዜጣው ቀለም ቆዳዋን እስኪበላ።
ውኃው በፈረቃ ሌሊት ላይ ሲመጣ
የባልዲ ኳኳታ ከእንቅልፍ የሚያወጣ፣
ሊፍት ባይኖረውም፣ ቢያደክም ደረጃው፣
ወር ጠብቆ አከራይ በሩን የማይመታው።

በሌላው ጎን ዕዳ፤
ማተሚያ ልገዛ ካርታውን አስያዝኩ፤
ወረቀት ሲወደድ ለቀለም ተበደርኩ፤
ለወለዱ ደግሞ ዘመድ ቤት ዞርኩ።
(የዘመድ ብድር እንኳ ሐራጅ አያውቅም፤
አበዳሪህ ግን ለቅሶ ቤት ቀና ብሎ አያይህም።)

ባንክ ቤት ያለችው፣ ብሩክታይት የምትባል፣
የሠላሳ ቀኑን ማስጠንቀቂያ ሰጥታኝ፣ በመሃል
«ጋሼ» አለች፣ «አይቆዩ፤ ራስዎ ይሽጡት፤
በሐራጅ ከሄደ በርካሽ ነው የሚያጡት፤
ቤቱም ሄዶ ዕዳው ቀሪ ይኖረዋል።»
ልጅ ናት። ዓይኗ እኔን ትቶ ማኅተሙን ያያል።

እኔስ ስንት ዓመት ነው ሐራጅ ያተምኩት?
የሰው ቤት ካሬ ሜትር፣ መነሻ ዋጋውን፣ ስሙን በደማቅ ያወጣሁት፣
ፊደሉ እንዳይሳሳት ሦስቴ ያነበብኩት፣
አንዴም ግን «ይህ ሰውዬ ዛሬ የት ያድራል?» ያላልኩት።

ዛሬ ለሙከራ የራሴን ስም ጻፍኩ፤
«ተበዳሪ፦ ጥጋቡ ወልደየስ» አልኩ።
እህል በሞላ ዘመን እናቴ ናት ያወጣችው፤
ለካስ የኔ ጥጋብ ለባንክ ኖሯል የታሰበው።

ከዚያ «ዕጣ» ጻፍኩ። ከሥሩ «ዕዳ»።
አንዲት ፊደል ብቻ፤ ደጅ የቆመች እንግዳ።
በጣ ገባን ከቤቱ፣ በዳ ልንወጣ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ፊደል ለቅሜ ይህን ዛሬ ሳየው?

ቤቱን አቅፈን ብንቀር?
ወለዱ በየወሩ እንደ አይጥ ሲቆረቁር፣
ናሁሰናይ ትምህርቱን፣ ስንቅነሽ መድኃኒቷን፣
እኔም ምሳዬን ትቼ፣ ልናጠግብ ባንኩን።
ብንለቅስ? ኪራይ ቤት፤ ስድስት ወር ሳይሞላ
ጭማሪ፣ ከዚያም ጭማሪ፣ ከዚያም «ፈልጉ ሌላ»።
ማሽኑን ብሸጠው ቤቱ ምን ይበላል?
እርሳሱ እዚህ ሲደርስ ጫፉ ይሰበራል።

ስንቅነሽ ወረደች፤ ቁጥሬን አየች ጎንበስ ብላ፤
ስለ ቁጥሩ አይደለም፣ የጠየቀችኝ ሌላ፦
«የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ነው።
ስድስት ድስት፣ አንድ ድንኳን፣ ዘጠና ወንበር የምጠብቀው።
ቤት ስንለቅ ቁልፉን ለማን ነው የምሰጠው?»

ዝም አልኩ። በሒሳቤ ውስጥ እድር አልነበረም።
ካሬ አለ፣ ወለድ አለ፤ ማን እንደሚቀብረን ግን የለም።

ከዚያ እሷው መለሰች፣ ወረቀቱን ገልብጣ፦
«ቤቱ ይሸጥ፣ ጥጋቡ። ቤቱስ በዕጣ መጣ፤
እድሩ ግን የእጄ ሥራ ነው፤ ከሱ ወዴት ልውጣ?
ኪራይ ጀሞም ይሁን፣ አያትም ይሁን፣ ግድ የለኝም፤
ሰው ሲሞት በአውቶብስ እመጣለሁ፤ ድስት ያለ እኔ አይጣድም።»

አላለቀስኩም። እሷም። አምፑሉን አጠበቅሁት።
ማተሚያውን ቀሰቀስኩ፤
በሰው ሠርግ ጀርባ ላይ «የሚሸጥ ቤት» አልኩት።
ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ። ዋጋ በስምምነት።
ስልኩን፣ የብሎኩን ቁጥር፣
እንዳልሳሳት ብዬ ሦስቴ አነበብኩት።