ጠብቆ ሲነበብ

ያን ዕለት የባለንብረቱን ገቢ አልሞላሁም።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገበያው ገና ሲደራ፣
ባጃጄን ከነግለቷ አቆምኳት ከዚራ፣
ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ጥላ ከተባለ፤
ፀሐይ ብታዘቀዝቅም አስፋልቱ ላይ እሳቷ አለ።
ሸሚዝ ቀየርኩ ከወንበሩ ጀርባ፣
አንገቴን በሃይላንድ ውኃ ታጠብኩ።
ራሚያ ከሱቋ ሆና፦ «ሙሽራ ነህ ወይ ዛሬ?»
ምን ሙሽራ! «ፉርጎ» ሊጫወት ነው እንጂ፣ በገዛ ሰፈሬ፣
በድሮው የባቡር ሠራተኞች ክበብ።

«ፉርጎ»ን የማያውቅ ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም፤
ሬዲዮ አያነሳቸው፣ ሠርግ አይጠራቸውም።
በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ስልክ የዞሩ አራት ልጆች ናቸው።
ዘፈኑን ማን እንደቀዳው እንጃ፤
ከጀርባው ፍየል ትጮኻለች፣
አንድ ሰውዬ «ዝጉት!» ይላል።
ፍየሏንም በቃሌ አውቃታለሁ፤
ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ፣
ከበሮው ሊገባ ሲል ነው የምትጮኸው።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ስንኝ ቆረቆረችኝ፦
«ባቡሩ ሄደ እንጂ፣ ሃዲዱ አለ...»
ላልቶ ነበር የምሰማው። አለ። ምን አለ?
ከዚያ ከበሮው ይወርድና የቀረውን ይበላዋል።
የተበላውን እኔ ስሞላ ኖርኩ፣
የቤንዚን ወረፋ ላይ፣ ሌሊት፣ ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፌ፦
ሃዲዱ «ደከመኝ» አለ፣
ሃዲዱ «ጅቡቲ ማን ቀረ?» አለ፣
ሃዲዱ «ውኃ» አለ፣ ደቻቱ አሸዋ ብቻ ሲሆን።
ተሳፋሪ በአምስት ብር ሲጨቀጭቀኝ
«ተወው» ያለኝም እሱ ነው።

ክበቡ ውስጥ ስልሳ ሰው ብንሞላ ነው።
ጣሪያው ላይ ማራገቢያ፣
አየሩን ትቶ ራሱን የሚያዞር።
ሂንዲያ ወጣች። አጭር ናት!
በድምጿ ለክቼ ምሰሶ አሳክያት ነበር።
ነጠላ ጫማ፣ የወንድሟ የሚመስል ሰፊ ሸሚዝ።
ጣሂር ቤዙን እንደ ሕፃን ታቅፎ ጀርባውን ሰጠን፤
ዘውገ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣
እንደ ልኳንዳ ቤት ሰው፣ ከበሮው ኋላ ተሰየመ።

ጊታሩ እንደ ላሜራ ሲቀደድ
የሰማሁት በደረቴ ነው፣ በጆሮዬ አይደለም።
ስልክ ውስጥ ቤዝ የሚባል ነገር የለም ለካ!
ሦስት ዓመት ወለል የሌለው ቤት ውስጥ ነበር የኖርኩት።
በቦታዋ ፍየሏን ጠበቅኳት።
አልጮኸችም። ናፈቀችኝ።

ከዚያ መብራት ሄደ።
ለድሬ ይሄ ወሬ አይደለም፤
ማራገቢያው እየዘገመ ቆመ፣
ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ላያችን ላይ ወረደ፣
አንዱ አፏጨ፣ ሌላው ወደ በሩ ነጎደ።
ሂንዲያ ማይኩን መሬት አስቀመጠችው፣
መድረኩ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች፣
ዘውገ በጣቱ የወንበር ጠርዝ ይመታ ጀመር፣
እሷም ስንኟን፣ የኔን ስንኝ፣ በባዶ ጉሮሮ አነሳች፦

«ባቡሩ ሄደ እንጂ፣ ሃዲዱ አለ።»

ጠብቆ።
ምላሷ «ለ» ላይ ቆይቶ፣ ተደግፎባት፣
አለ።
ምንም አላለም። አለ። እዚያው ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ መሰለኝ።
ስንቱን ያወራኝ ብረት
ፊደሉ እንኳ ሳይለወጥ ዝም አለ።
ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ፣ የዱሮ ፍሬን ያዥ መሰሉኝ፣
በጨለማው ራሳቸውን ነቀነቁ፣
ይህንን እኮ ማንም ያውቃል እንደ ማለት።

ሲያልቅ ልነግራት ሄድኩ፤
የሦስት ዓመት ንግግር ነው፣ ከነፍየሏ።
ቀደመችኝ፦ «ባጃጅ አለህ? ሳቢያን ስንት ታደርሰናለህ?»
«መቶ ሃምሳ» አለ አፌ፣ ከልማዱ።
(መሬት ብትውጠኝ!)
«ኧረ መቶ» አለች፣ ከበሮውን እየጫነች።

ሃዲዱን ስንሻገር ባጃጇ ሁለቴ ነጠረች፤
ከኋላ ከበሮው፣ ማንም ሳይነካው፣ ጮኸ።