የቀን ገቢ ግምት

ሐምሌ ነው፣ ማርቆስ ላይ፤ ጮቄ ቁሩን ለብሶ፣
ጃንጥላዬ ታጥፎ፣ ካልሲዬም ረስርሶ፣
ከአውቶቡስ ተራው ኋላ፣ መዝገቤን ታቅፌ፣
የቀን ገቢ ልገምት፣ ገባሁ ደጁን አልፌ።

ሥራዬ ግምት ነው። ወፍጮ ቤት ገምቼ፣
ፀጉር ቤት ገምቼ፣ ጋራዥም ገብቼ፣
ካንዱ ተኮራርፌ፣ ካንዱ ተጣልቼ፣
ልቅሶ ቤት እንኳ ስደርስ፣ ሰው ከንፈር ሲመጥ፣
የድንኳኑን ኪራይ፣ በልቤ የማላምጥ፣
እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

"የእንጉዳይ አይስክሬም" ይላል በሩ ላይ ጽሑፍ።
በዚህ ብርድ ማን ይልሳል? ማን ይመጣል በዚህ ዶፍ?
(የጅብ ጥላ እንዳይመስልህ፤ ስሟ ነው የሴትዮዋ፤
ነጭ ጋዋን ደርባ፣ ብቅ አለች ከጓዳዋ።)
ማሽኗ ያስነጥሳል፤ ከልብስ ማጠቢያ ሞተር
ወንድሟ ማንያዘዋል፣ ገጣጥሞት ነበር።

"በቀን ስንት ትሸጫለሽ?" አልኳት ሳልቀመጥ።
ጣቷን ዘረጋችና፣ ጀመረች ቀን መቁረጥ፦
"ረቡዕና ዓርብን አውጣ፤ አገሩ ጿሚ ነው።
ሁዳዴ አምሳ አምስት ቀን፤ ያኔ ማሽኑም ዝም ነው።
ነቢያትን ቀንስ፣ ሐዋርያትንም፤
ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ይገባል፣ እሱንም።
መብራት የጠፋበትን፣ እሱንስ ማን ቆጥሮት!
ባለፈው ግንቦት ላይ፣ ሠላሳ ሊትር ወተት
ቀልጦብኝ አደረ፤ የሰፈር ውሾች ጠገቡ፤
እሱም ገቢ ከሆነ፣ ይግባልህ በመዝገቡ።"

ቀነስኩ። ደግሜ ቀነስኩ። ዓመቱ እጄ ላይ አነሰ፣
እንደ ልብስ ሳሙና፣ በጣቴ መሐል ኮሰሰ።

"ቅመሰው" አለችኝ።
"ሳይቀምሱ መገመት፣ ሳያዩ መመስከር ነው።"
ደነገጥኩ። ጉቦ ቢሆንስ? ሰው ቢያየኝ ምን ልለው?
"በነፃ አልቀምስም" አልኩ። "ዋጋውን ንገሪኝ።"
"ስልሳ ብር።" "ደረሰኝስ?" ሳቀች፤ ቆርጣ ሰጠችኝ።

ጥቁር ነው። መረሬ አፈር፣ ሐምሌን ጠጥቶ ያደረ።
ማንኪያው ገባበትና፣ ተይዞ እዚያው ቀረ።
መጀመሪያ ብርድ፤ ብርድ ላይ የተጨመረ፣
ጥርሴ እስከ ሥሩ ድረስ፣ አንድ በአንድ ተቆጠረ።
ከዚያ መጣ ምሬቱ፤ እንደ ሽማግሌ ሰው
"ቤቶች!" ብሎ ከደጅ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፤
ጣፋጩ ከኋላው ነበር፣ ከጋቢው ጫፍ ተሸሽጎ፣
እንደ ልጅ አንገቱን ብቅ፣ እንደ ልጅ መልሶ ጥልቅ።
በመጨረሻ ወተቱ፤ የጎዛምን ላም፣ የክረምት ሣር፣
ከላንቃዬ ተጣብቆ፣ አልወርድም ያለ ነገር፣
ከንፈሬን ቅባት ቀባኝ። ዝም አልኩ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቆጥራል፤
እኔ ግን መቁጠር አቆምኩ።

"ስንት ጻፍክ?" አለችኝ። ቅጹን አየሁት፤ ባዶ ነው።
ሣጥኑ መሐል ያለው፣ ቡናማ፣
የአውራ ጣቴ አሻራ ነው።
"ግምት ሰጥቻለሁ" አልኩ።
"ለማን? ለመንግሥት ወይስ ለእኔ?"
አፌ ውስጥ ያለው እስኪሟሟ፣ መልስ አልነበረኝም ያኔ።

በማግስቱ ቅበላ። ያው ዶፍ፣ ያው ጭቃ፣ ያው ብርድ።
ከበሯ እስከ ጎሚስታው ሰልፍ፤
በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ሦስት ባዳ ሲዛመድ።
ሁለት የነርስ ተማሪ፣ ባጃጁን ያቆመ ሾፌር፣
ከፊት ደግሞ አለቃዬ፣
ኮቱን ከራሱ ደፍቶ፣ እሱም ሳይቀር።
መዝገቤን አወጣሁ። ሥራ ሥራ ነው። ቆጠርኩ፦
ሃያ ሦስት።
ራሴን ሳልጨምር።