የጭቃው መስመር

ከፋኤንዛ ወዲያ፣ በላሞኔ ወንዝ ዳር፣
ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ነበር።
ሠዓሊ አልሣለው፣ መምህር አልጻፈው፣
ጎርፉ ነው ሲሄድ በጭቃ ጣት አስምሮ ያለፈው።

እኔ ጽዳት ነኝ። ሁሉን አጥቤ አጥቤ
ይህን መስመር ግን ተውኩት፣ እንጃ ምን አስቤ።
ልጆቹ በተመለሱበት ማለዳ፣ በቦቲ ጫማ፣
አንድ በአንድ ቆሙ ከሥሩ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣
ቁመት ሊለኩ። ከአምስተኛ ክፍል ረጅሙ ጃኮሞ
በአንድ ክንድ አነሰ፣ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ።

በሦስተኛው ቀን ቄሱ መጡ፣ ዶን አርቱሮ፣
ሥዕል ይዘው፦ መርከብ፣ ርግብ፣ ቀስተ ደመና ተጨምሮ።
«አያችሁ ልጆቼ፣ ዝናብ ምንም ቢበዛ…»
ብለው ሲጀምሩ፣ በዚያ በለመዱት ለዛ፣
ኖርማ እጇን አወጣች፦
«ከመርከቡ ውጭ የቀሩትስ?»
ጸጥ።
«አያቴ ኡባልዶ ምድር ቤት ነበር። ድመቷን ሊያወጣ ሲመለስ…»

ቄሱ ሥዕሉን አጣጠፉት፣ በዝግታ።
እኔም ቆምኩ መወልወያዬን ተደግፌ፣ በዝምታ።
አፌ ላይ መጣ፣ ያገሬ ሰው ለሁሉ የሚለው፣
ልቅሶ ቤት የሚታደለው፣ ያ «ለበጎ ነው»።
ዋጥኩት።
ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ይባላል?
ጭቃ በሞላው አልጋ በጎው የቱ ጋ ይገኛል?

ቄሱ ግን ቁጭ አሉ፣ በዚያች በልጅ ወንበር፣
ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ትንሽ ሲቀር።
«አላውቅም» አሉ። «አላውቅም፣ ኖርማዬ።
እኔም ሌሊት ሌሊት እሱኑ እጠይቃለሁ፣ ከነቁጣዬ።»

ይሄኔ ኤሊዮ፣ ከጎርፉ ወዲህ ቃል ያልወጣው፣
ወንበሩን ጎትቶ አጠገባቸው አመጣው።
«መቆጣት ይቻላል?»
«ይቻላል።»
«በጸሎት ላይ?»
«በተለይ በጸሎት ላይ።»

ከዚያማ ማን ያቁመው! አንዱ ስለ ብስክሌቱ፣
አንዷ ስለ ጥንቸሏ፣ ሌላው ስለ ቤቱ፣
አንዱ ደግሞ ስለዚያ ሌሊት፣
ጣሪያ ላይ ሆኖ ስለሰማው፣ ለእናቱም ስላልነገረው፣
ሁሉም ለእግዜር ነገሩት። ስሞታ እንጂ ውዳሴ አልነበረው።
«አሜን» አሉ በመጨረሻ፣ አንዳንዱ እያኮረፈ።
ያ ቀን እንዲህ አለፈ።

ሰኔ ላይ ቀለም ቀቢ መጣ። ልጆቹ እምቢ አሉ።
ከመስመሩ በታች ቁመታቸውን አሰመሩ፣ ስም ከነቀኑ ሁሉ።
ኖርማ በሁለት ጣት አድጋለች።
ከጭቃው በላይ ግን፣ ወንበር ላይ ወጥታ የጻፈችው አለ፦
«ኡባልዶ። ቁመቱ እስከዚህ ነበር።»

እኔም በየማለዳው ግድግዳውን ስወለውል፣
ጨርቄ እዚያ ሲደርስ ዞር ብሎ ያልፋል።