ማን ልበል?

ኮዬ ፈጬ፣ ምድር ቤት፣ ከመድኃኒት መደርደሪያው ሥር፣
ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ ላፕቶፕ፣ ፊቴ ራውተር።
ሌላው ራውተር ሰበታ ነው፣ የወይዘሮ ዝማም ሁለተኛ ሱቅ፤
«አንድ ቤት አድርጉልኝ፣ አንዱ ያለውን ሌላው ይወቅ።»
ባለፈው ሐሙስ ኢንሱሊን «የለም» ተብላ ስትመለስ አንዲት እናት፣
ሰበታ ፍሪጅ ውስጥ አሥራ አራት ብልቃጥ ተቀምጦላት።

ቀላል ነው ብዬ ነበር። ምላሴን በቆረጠው!
ችግሩ አድራሻው ነው፤ ውጭ ላለ ሰው የሚታየው ቁጥር
የኔ ብቻ አይደለም፣ የስንት ቤት ነው፣ የሰፈር፤
እንደዚህ ብሎክ ነው፣ ስንት አባወራ ባንድ ደጅ
ሲገባ ሲወጣበት፣ ስም የለው ቁጥር እንጅ።
ከውስጥ የወጣ ቃል መልሱን ይዞ ይገባል፣
ሳይጠሩት የመጣ ግን ደጅ ሲጠና ይመሻል።

ሰበታም እንዲሁ ነው።
«ላክሁ» ይላል ጉርሜሳ በስልክ።
«አልደረሰም። እኔም ላክሁ።»
«ኧረ ምንም።»
እኔ የሱ ደጅ ላይ፣ እሱ የኔ ደጅ ላይ ቆመን፣
የየቤታችን ዘበኛ «አላውቃችሁም» ብሎ መለሰን።

«ማን ልበል?» አለ ከበሩ የባትሪ ብርሃን፤
አባባ ኩመላ ነው፣ የብሎኩ ጥበቃ። ከመናደዴ ነገርኩት ሁሉን።
ሳቀ። «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አለ ዱላውን ተደግፎ፣
«እንግዳ እንዲሁ አይገባም እኔን አልፎ።
የቤቱ ሰው ግን ቀድሞ በመስኮት ብቅ ብሎ
‹ቶለሳ የሚባል ይመጣል› ካለኝ፣ ምን ከልክሎ!
ሁለታችሁም ለየዘበኛችሁ ባንድ አፍታ ንገሩ፣
ሳትቀዳደሙ፤ ያኔ ይከፈታል በሩ።»

ስድስት ዓመት ሥልጠና፣ ግድግዳ ሙሉ ወረቀት፤
አባባ ኩመላ በካፖርቱ፣ ደረጃ ላይ ጨረሳት።

ሩቅ አገር የተከራየናት አንዲት ሚጢጢ ሰርቨር አለች፤
የሱን በር ለኔ፣ የኔን ለሱ፣ አንሾካሸከች።
«ቁጠር!» «ሦስት፣ ሁለት፣»
መብራት ሄደ።
አርባ ደቂቃ ፍሪጁ ዝም አለ፣ አንጀቴ ነደደ።
ሲመጣ፣ እንደገና። ባንድ ትንፋሽ ላክን፤
ሁለቱ ዘበኞች እኩል በር ለቀቁልን።
«ገባ!» ጮኸ ጉርሜሳ። ከሰበታ ፍሪጅ ተነስቶ
«ኢንሱሊን፣ አሥራ አንድ» ታየ፣ ስክሪኔ ላይ በርቶ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በር የከፈተ ዘበኛ ይረሳል፤
ጥቂት ዝም ካልከው፣ እንዳልነበርክ ይዘጋል።
በየሃያ አምስት ሴኮንዱ እንግዲህ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣
ባዶ ፖስታ ይላላካሉ።

ስወጣ አምስት ሰዓት ተኩል። ለቱሉ ዲምቱ ታክሲ የለም።
አባባ ኩመላ የበሩን ብረት በድንጋይ መታ፤
ከወዲያኛው ብሎክ፣ ከጨለማው፣
ቆየት ብሎ አንድ ምት መለሰለት።
«ምን ይላል?» አልኩት።
«ምንም» አለ። «አለሁ ነው።»