የመዘግየት ቃለ ጉባኤ

ከለቡ ባሻገር፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አዳራሹን ሞልቶት ሰው፣ ፌስታልና ዕቃ፣
ሁለት ሰዓት ይላል እጄ ላይ ቲኬቱ፤
አራት ሰዓት ሆኗል፣ የለም ባለቤቱ።
ድምፅ ማጉያው ሳለ፤ «ውድ ደንበኞቻችን…»
ቀጥ ብለን ቆምን፣ ከነሻንጣችን።
ሌላ ቃል አልወጣም።

መተሐራ አጠገብ ግመል ገጭቶ ነው አሉ፤
ኋላ መብራት ጠፍቶ፤ ኋላም ሽቦ ተሰርቆ።
ወሬው ከአግዳሚ አግዳሚ ዞሮ ሲመለስ
አንዱ ግመል ሦስት ሆነ፤
አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ አንደኛዋ እርጉዝ ነበረች።

ከመስታወቱ ማዶ ገብስ፤ ከገብሱ ማዶ
መስኮት ያልተገጠመላቸው ኮንዶሚኒየሞች፤
ባጃጆቹ እንኳ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል።
ለመቶ ሰው ስልክ አንድ ሶኬት አለ፤
አንድ ባሻ ማንም ሳይሾመው ዘብ ቆሞለት
«ሃያ በመቶ ሲሞላ ትነቅያለሽ፣ ልጄ፤ ወረፋ ነው» እያለ።

መቼስ እኛ ነንና፣
አሥር ሰው አንድ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆመ
ኮሚቴ ሳያቋቁም የተበተነበት ቀን የለም።

ሊቀ መንበር ጋሽ ሐምዛ፤ የድሮው የምድር ባቡር ሰው፣
ብሎን ሲያጠብቅ ኖሮ አውራ ጣቱን አዋሽ ላይ የተወው።
ጸሐፊ ሲፈን፤ ከፋርማሲ ደብተሯ ጀርባ ገጽ ገንጥላ።
ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ ዘይቱና፤ ገንዘብ ባይኖርም፣
ያለ ገንዘብ ያዥ ምኑን ኮሚቴ ሆነ ተብላ።
(አምስት አምስት ብር ወጣ፤ ለሚያለቅሱት ልጆች ብስኩት ተገዛ።)

አጀንዳ አንድ፤ ባቡሩ።
አጀንዳ ሁለት፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቁልፍ።
አጀንዳ ሦስት፤ ልዩ ልዩ።

ሁለተኛው ወዲያው ተፈታ፤ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ነበር።
ለአንደኛው ሦስት ሰው ወደ ጣቢያው ኃላፊ ተላከ፤
ተመልሰው «እሱም እየጠበቀ ነው» አሉ።
«በኛ ጊዜ» አለ ጋሽ ሐምዛ፣ «አፍደም ላይ ቆመን
አንዲት ሴት ወለደች፤
ባቡሩ ሲነሣ ልጁ ስም ወጥቶለት ነበር።»

እኔም እጄን አወጣሁ።
ይህ ንቀት ነው ልል፣ የሰው ቀን መብላት ነው ልል።
ሲፈን ቀና አለች። «ስም?»
ነገርኳት።
«ጉዳይ?»

ጉዳይ…
ድሬዳዋ እህቴ አለች፤ ትርሲት።
በአባታችን ቤት፣ በሁለት ክፍልና በአንድ የዘይቱን ዛፍ
ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈን።
ባሏ ሲሞት «እደርሳለሁ» አልኩ። ለጥምቀት አልኩ፤ ለፋሲካ አልኩ።
ዘጠኝ ዓመት በር በሩን ስታይ
ማን ድምፅ ማጉያ ይዞ «ውድ እህት» አላት?
ምክንያቱን ማን ነገራት?
የኔን ግመል ማን ገጨው?

«ጉዳይ?» አለች ሲፈን ደግማ፣ እስክሪብቶዋን አቁማ።
«አንሥቻለሁ» አልኩ።

ወረፋዬ ደረሰ። ባሻ ሰዓቱን አየልኝ፤
ሰባት በመቶ ሲሞላ አላስቻለኝም፣ ነቅዬ ደወልኩ።
«ትርሲት፣ እየመጣሁ ነው። ግን… ባቡሩ ዘገየ።»
ዝም። ከወዲያ ዶሮ ይጮሃል።
ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣
«ባቡሩ ነው የዘገየው?»
ስልኩ ተቋረጠ። ባትሪው ይሁን እሷ፣ አላወቅሁም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሐዲዱ ነዘረ።
ኮሚቴው ፈረሰ፤ ሊቀ መንበሩም ተጋፋ፤
ሠላሳ አምስት ብር የሕዝብ ገንዘብ
ከነያዡ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ጠፋ።
ልዩ ልዩ ሳይነሣ ቀረ።

እንዶዴ ስንደርስ ባቡሩ ቆመ።
አንድ ሰው አላጉረመረመም። ብስኩት ተቆረሰ።
ጋሽ ሐምዛ ከፊት ወንበር ዞሮ
አራት ጣት ብቻ ያለውን እጁን ሽቅብ አነሣ፤
«ጉባኤው ይቀጥላል። ሦስተኛው አጀንዳ ላይ
ቅድም እጁን ያወጣው ሰውዬ የት ነው?»