ከነዳሩ

የፈለግሁት ወርቅ አይደለም፤ ከቆርቆሮው ጋራ
በአራት ታጥፎ የሚመጣ፣ ስስ፣ በፈረንሳይ አፍ የሚያወራ፣
የፊልም ማጠቢያ ዱቄት መመሪያ ነው፤ ቅጠል ወረቀት፤
ስንት ግራም፣ ስንት ውሃ፣ ስንት ደቂቃ፣ በስንት ሙቀት።

ቆርቆሮው እኔ ዘንድ አለ። ክዳኑ ዝጎ አልከፈት ብሏል።
ስሙ ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው «…ኖል» ይላል።
አንድ ጥቅልል ፊልምም አለኝ፣ ያልታጠበ፣
ማን እንዳነሳው የማላውቀው፣ ሆዱ ያልተነበበ።

ለሠሩት ሰዎች ጻፍኩ። በሦስተኛው ወር መልስ መጣ፦
«ፋብሪካው ተዘግቷል። መዝገብ ቤቱ ከነሣጥኑ ወጣ፤
የት እንደገባ አናውቅም። መልካም ዕድል።» ከታች ፊርማ።
አንብቤ አጠፍኩት። ቀትር ነው፤ ከዚራ ጭር ብሏል፣ ኮቴ የማይሰማ።

ሁሉ በባቡር ነው የገባው እዚህ አገር፤
መስታወቱ፣ ሽቶ ሳሙናው፣ የሐኪሙ መነጽር፣
ሜቶሉና ሰልፋይቱም፣ በገለባ ተጠቅጥቆ በሣጥን።
የገባ ነገር መውጫ ሲያጣ ይደበቃል
ብዬ ዞርኩ፤ ቀፊራን፣ አሸዋን፣ መጋላን።

ቀፊራ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ «ፊልም ማለት ሲኒማ ነው?» አለ።
አሸዋ ያለው ሰውዬ «ነበረ፤ ደቻቱ ወሰደው» አለ።
(እዚህ ከተማ የጠፋ ነገር ሁሉ ደቻቱ ነው የወሰደው፤
ያልተከፈለ ዕዳም፣ የታጠፈ ቃልም፤ ወንዙ ነው የሚከሰሰው።
የእውነት የወሰዳቸውን ግን
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ሰው ስማቸውን የሚያነሳው።)

መጋላ፣ አዳ ሂንዲያ፣ አብሽ የሚሸጡ፣
ሚዛናቸውን ሳይለቁ፣ ሳይቆጡ፣
«የሙሴ ስታማቲስ ፎቶ ቤት? ሲሄድ ሣጥኑን ባሌ ገዛው፤
ጣውላው በር ሆነ። ወረቀቱን ለአብሽ አረግነው፤ ጥሩ አድርጎ ያዘው።»
ከመደርደሪያው ሥር ሦስት ቀሩ።
ሁለቱን አይጥ በልቷቸዋል። አንዱ ደህና ነው፤ ከነዳሩ።

አብሽ አብሽ ይላል። «ሃይድሮኪኖን» ላይ ቅባት ጠብ ብሎበታል።
ፋብሪካው በጥቁር ቀለም፣ እንደ ዳኛ ቆጥቦ ይናገራል፦
«ሙቀት፦ አሥራ ስምንት ዲግሪ፤ ከዚህ እንዳያልፍ።
ጊዜ፦ ዘጠኝ ደቂቃ። ካለፈ ግን…» ተቀዷል፤ ቀሪው ሳይተርፍ።

በዳሩ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤
የጨለማ ክፍሉ ልጅ እጅ፣ ከግርጌው «ሮብሌ» ያለ፦

«ይሄ ከተማ አሥራ ስምንትን አያውቅም።
ግንቦት፦ ውሃው ሠላሳ አንድ። አራት ደቂቃ፤ አይበልጥም።
በረዶ ከፋብሪካ፣ በጆንያ። ሳይቀልጥ ሩጥ።
ገንዳውን ከውጭ ክበበው፣ የፊልሙ ቆዳ እንደ በሰለ ማንጎ እንዳይላጥ።

ሙሴ ያነባል። እኔ ጣቴን እነክራለሁ።
ጣቴን ሲቆረጥመው አሥራ ስምንት ነው እላለሁ።

የሙሽሮቹ ፊት ጠቆረ ብለው ተጣሉን። ጥፋቱ የሐምሌ ነው።

ሰልፋይት አልቋል። ባቡሩ ዘገየ።
የማይደገም ነገር ከሆነ ታኅሣሥን ጠብቅ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ያኔ ቧንቧው ራሱ፣ ማንም ሳይለምነው፣ ይወርዳል ወደ አሥራ ስምንት።»

ስንት ልክፈል? ብላቸው «የአብሹን» አሉ።
ሩብ ኪሎ መዘኑልኝ፤ ወረቀቱን በምራቂ ጣሉ።

ሮብሌን ጠየቅሁ። ለገሀሬ አየሁት የሚል አለ፤
ጅቡቲ ነው፣ ዓሣ ይሸጣል የሚል አለ፤
«ደቻቱ…» ያለም አለ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሁን ኅዳር ነው። ቆርቆሮውን በመዶሻ ከፈትኩት፤ ዱቄቱ ድንጋይ ሆኗል፣ ቡናማ።
ሌላ እመዝናለሁ፤ ልኩ አለኝ። ፊልሙ ራስጌዬ ነው፣ በጥቁር ጨርቅ፣ በጨለማ።
በረንዳው ላይ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ማታ ማታ አያለሁ፤
ሃያ ሦስት።
ሃያ ሁለት ተኩል።
ባልዲው ውስጥ ጣቴን እነክራለሁ።